በሩ ላይ የተጻፈው ሰባ ኩንታል

ብርድ ሲሆን እግሬን ያመኛል፤ ሰቆጣ ደግሞ ብርድ አታጣም። ባመመኝ ቁጥር ያንን ሰውዬ እረግመዋለሁ። «ይቅር ብለኸው የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ብያለሁ። እንዴት እንዳልኩ ግን ስሙኝ።

እሱ የጭነት መኪና ባለቤት፣ እኔ ሹፌሩ ነበርኩ። መኪናዋ የተፈቀደላት ሃምሳ ኩንታል ነው፤ በሯም ላይ እንደዚያው ተጽፏል። አንድ ቀን ጠዋት ስመጣ ከኋላዋ ጭነቱን የሚሸከመው ብረት፣ ባሌስትራ፣ ተደርቦላታል፣ በሯ ላይ ያለው ሃምሳም በቀለም ሰባ ሆኗል።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ እንዲህ አይቀየርም» አልኩት። «ምርመራ ቀርባ፣ ባለሙያ ፍሬኗንና ሻንሲዋን አይቶ ካልፈቀደ የጭነት ልኳ አይጨመርም። ባሌስትራ ቢደረብ ፍሬኑ ያው የድሮው ነው።»

«ባሌስትራ ጨምሬላታለሁ፣ ትችላለች!» አለና ቁልፉን ወረወረልኝ። እንቢ ብል ሌላ ሹፌር ደጁ ላይ ቆሟል።

ሰባ ኩንታል ሲሚንቶ ጭኜ የአበርገሌን ቁልቁለት ስወርድ ፍሬኑ እምቢ አለ። ገደል ከምገባ ብዬ ከተራራው ጋር አላተምኳት። ነፍሴ ተረፈች፣ እግሬ ግን እንዲህ ሆኖ ቀረ። ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ ያ ጉድ ምን አደረገ መሰላችሁ? ሰባውን አስቀብቶ መልሶ ሃምሳ አስጻፈ፤ ለትራፊኩም «እንደ እብድ ሲያበራት ነው» አለው። መንጃ ፈቃዴ ተያዘ። ከእግሬ ይልቅ ያንገበገበኝ የመንጃ ፈቃዴ ነገር ነው፤ ሌላ ሙያ የለኝማ!

ከሆስፒታል እንደወጣሁ በክራንች እያነከስኩ የመኪና ምርመራ ክፍል ሄድኩና «የበሯን ቀለም ፋቁት» አልኩ። ሲፋቅ ሰባው ከሥር ብቅ አለ። መኪናዋ ታሰረች። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! ሰውዬው ግን አላፈረም፤ «ሹፌሩ ነው ያስጻፈው» ብሎ በኔው ላይ ላከከው። ሰባውን የጻፈለት ቀለም ቀቢ ሊመሰክርበት መሆኑን ሲሰማ ነው ደንግጦ ሽማግሌ የላከብኝ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ፣ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ አጎንብሶ መጣ። በእኛ አገር በዳይ ድንጋዩን የሚያወርደው የተበደለው ይቅር ሲለው ነው። ጉዳዬን የያዘው ትራፊክም ከሰዉ መሃል ቆሟል።

«ለሆነው ሁሉ ይቅር በለኝ» አለ።

«ምንድን ነው የሆነው?»

ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አመቻቸ።

«በሩ ላይ ሰባ ያስጻፈው ማን ነው?»

ከድንጋዩ ክብደት ላቡ ይንጠባጠባል። እሰይ! እኔ እንደሆነ አልቸኩልም።

«እኔ ነኝ» አለ በስንት መከራ። «እሱ አይሆንም ብሎኝ ነበር።»

ትራፊኩ ሰማ። ሰዉ ሁሉ ሰማ።

አንዱ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ይኸው አመነ። ይቅር በለውና ያውርድ፤ ከብዶታል።»

«ይቅር እለዋለሁ አባቴ፣ እርስዎ አይቸኩሉ» አልኳቸው። ክራንቼን ተደግፌ ጎንበስ አልኩና ከአጥሩ ሥር ሌላ ድንጋይ አነሳሁ። በመጀመሪያው ላይ ደረብኩለት።

«ባሌስትራ ጨምሩለት» አልኩ፤ «ይችላል።»

ይቅር ያልኩት ጉልበቱ መሬት ሲነካ ነው።