በሚኤሶ ሜዳ የቀረው ሣር

ጊዜውን በትክክል አላስታውሰውም፤ የበልጉ ዝናብ ለሁለተኛ ጊዜ የቀረበት ዓመት ይመስለኛል። ከጭሮ የተነሣሁት ላሜን ለማየት ነው። ሚኤሶ ያለው ወዳጄ አህመድ በርቢ ይዞልኝ ነበር፤ ወተቱ ለእሱ፣ ጥጃው ለሁለታችን። እኛ ደገኞች ሣር ሲያንሰን ቆላ ላለ ወዳጅ እንዲህ እንሰጣለን።

ሚኒባሱ ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ሲጨርስ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ማሽላው ከጉልበት ሳያልፍ ደርቋል። ድሮ በዚህ ሳልፍ ሣሩ የከብቱን ሆድ ይነካ ነበር። አሁን ከመንገዱ ግራና ቀኝ አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው ሁሉ ከብት የማይበላው አረም ነው። የአገሩ ሰው ፈረምሲሳ ይለዋል፤ አስፈራሚ እንደ ማለት ነው፣ መሬቱን አስፈርሞ የሚረከብ።

አህመድ ከመኪና መውረጃው ጠበቀኝ።

"ላሟ እንዴት ናት?"

"አቦ፣ መጀመሪያ ውሃ ጠጣ።"

ያኔ ገባኝ። ጓሮው ውስጥ ተኝታለች፤ ብንደግፋትም አልቆመችም። አጠገቧ ያለውን አፈር በከዘራዬ ጫር ጫር ባደርገው የሣሩ ሥር እንደ አሮጌ ክር እየተበጠሰ ወጣ። አባቶቻችን ሣር ይተኛል እንጂ አይሞትም ይሉ ነበር። እውነትም ስንት ድርቅ፣ ስንት አንበጣ አሳልፏል።

ሣር የቆመው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በእሾህ የታጠረው የእስላም መቃብር ውስጥ። እዚያ ከብት አይገባም፣ ማጭድም አይነካውም። አህመድ ግን የአደራ ከብት በእጁ ስትሞት ማየት ቢከብደው ማጭዱን ይዞ ወደዚያው ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። ሚስቱ ሞሚና ቀድማ መግቢያው ላይ ቆመች።

"ዘሩን ገና አልጣለም። ዛሬ ካጨድከው፣ ዝናብ ቢመጣ ከየት ይበቅላል?"

"የሰው አደራ ነው፤ ምን ልበለው?"

"ይኸው አጠገብህ ቆሟል፣ ጠይቀው።"

ሁለቱም አዩኝ። እጨድ ልል ነበር። ዘለላውን በመዳፌ አሸት አደረግሁት፤ አብዛኛው ገለባ ነው፣ ጥቂት ፍሬ አለው። ከአጥሩ ሥር ፈረምሲሳው ብቅ ማለቱንም አየሁ፤ አልተናገርኩም።

"ተወው" አልኩ።

"እንግዲያው ሳትሞት ትታረድ። ማን ይረድ?" አለ አህመድ።

እኔ ካረድኩ እነሱ አይበሉም፣ እሱ ካረደ እኔ አልበላም። "አንተ እረድ፤ ልጆችህ ይብሉ" አልኩት።

"የሚበላ ካለባት ነው እንጂ" አለ፣ ሊያስቀኝ። ማናችንም አልሳቅንም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ጭሮ ገባሁ። ከመንገዱ የተማርኩት የሚያጽናና አይደለም። የዚያ ሁሉ ሜዳ ዘር በአንድ መቃብር አጥር ውስጥ ቀርቷል፣ እሱም ቢተርፍ። ሜዳው ሲያገግም ለማየት የኔም የአህመድም ዕድሜ አይበቃም።

ቢላዋው ሲሳል እንዳልሰማ ክንዴን ይዛ እስከ አስፋልቱ ያደረሰችኝ፣ መኪና እስኪመጣም አጠገቤ የተቀመጠችው ሞሚና ናት።