የታዘዙትን የሠሩት አጎቴ

ጣሊያን ከወጣ ወዲህ "አርበኛ ነበርኩ" የማይል ሽማግሌ የማውቀው አጎቴን ብቻ ነበር። እሳቸውንም ባለፈው ሳምንት ቀራንዮ ቀበርናቸው።

በወረራው ጊዜ ኮልፌ፣ በጣሊያኖች ጋራዥ ይሠሩ ነበር። የካሚዮን ኩሽኔታ ሲጠግኑ ዘንጉ የሚዞርበትን ገጽ በስሱ ይጭሩታል፤ ዘይቱ በጭረቱ ውስጥ እንዲቀር ነው። አንድ አዲስ አለቃ ይህን አይቶ፣ "ምን ዓይነት ሻካራ ሥራ ነው? እንደ መስታወት ወልውለው!" አለ። ወለወሉት። ወታደር የጫነው ካሚዮን ሆለታ ሳይደርስ፣ ዘይት የሚይዝለት ያጣው ኩሽኔታ ተቃጥሎ ቆመ።

"አጎቴ፣ ይሰቅሉዎታል እኮ!" አልኳቸው ማታ ቤት ሲያወሩልኝ።

"ለምን ብለው? እኔ የታዘዝኩትን ነው የሠራሁት። ከፈለጉ መልካቸውን ይዩበት።"

ሳቃችንን በጋቢ አፈንነው።

ከዚያ በኋላ የጦርነት ወሬ በተነሣ ቁጥር፣ "እኔ የታዘዝኩትን ነው የሠራሁት" ይሉና በዓይናቸው ጫፍ ያዩኛል። ነገሩን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

በለቅሶው ላይ አንድ ጎረቤት፣ "ለጣሊያን አደሩ እንጂ ክፉ ሰው አልነበሩም። ራሳቸውም 'የታዘዝኩትን ሠራሁ' ይሉ ነበር፤ ነፍሳቸውን ይማር" አሉ። ልስቅ ወደ አጎቴ መደብ ዞርኩ። ማንም አልተቀመጠበትም።