ከአሰብ የመጣው መጫወቻ

ሻይ ሻጯ የዓለምዘርፍ የሽማግሌውን ስም አታውቅም። በመካነ ሰላም የጭነት መኪና ማቆሚያ፣ ከሻይ ቤቷ ደጃፍ ተቀምጠው የወግዲን መኪና የሚጠብቁ የዜማ መምህር ናቸው። መቋሚያቸው ከእጅ ብዛት ያብረቀርቃል፤ ሰው ሲያናግራቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ጆሯቸውን ይሰጣሉ።

ወታደር ወንድሟ ከአሰብ የላከላትን በባትሪ የሚሠራ፣ በትንሽ መስተዋቱ ላይ ሥዕል የሚንቀሳቀስበት የእጅ መጫወቻ ባለፈው ቅዳሜ አይተው፣ «ወዲያ አርቂልኝ! ሥራ ለፈታ የተሠራ ነው» ብለው ነበር። ዛሬ ግን ራሳቸው «እስቲ አምጪው» አሉ። የመጫወቻውን ድምፅ በእግራቸው እየመቱ፣ ቁልፎቹን እየተጫኑ በመስተዋቱ ላይ የሚወርዱትን የሥዕል እንቁላሎች በሥዕሉ ቅርጫት ይቀልቡ ጀመር።

«ምት አለው። ተሳስቼ ነበር» አሉ ኮስተር ብለው።

ወዲያው እንቁላሉ አመለጣቸውና ተሰበረ። መጫወቻው እንደገና ጀመረላቸው። ወደ እሷ ቀና አሉ።

«አየሽ ልጄ፣ የተሳሳተውን አያባርርም። እኔ ድምፀ መረዋ ተማሪ ነበረኝ፤ አንድ ዜማ ቢስት በዚህ መቋሚያ መትቼ አባረርኩት።»

«አሁን የት ነው፣ የኔታ?»

«ወግዲ። ለብሔራዊ ውትድርና ሳይወስዱት እመልሰዋለሁ።»

ባለፈው ቅዳሜ የወግዲው መኪና ሲመጣ ተቀምጠው አሳልፈውት ነበር። ዛሬ ከሁሉ ቀድመው ተሳፈሩ።