የቀበሌያችን የባቡር ታሪክ

ልጅ ሳለሁ ባቡር ማለት ቡሬ ገበያ ዳር ቆሞ ጢሱን ሽቅብ እየተፋ እህል የሚፈጭ ሞተር ነበር። እናቴ በየሳምንቱ በቆሎዋን አዝላ፣ እኔ ትንሿን ስልቻ ይዤ፣ ስንሄድና ስንመለስ ቀኑ ያልቅ ነበር። ሰው የሚጭን ሌላ ባቡር እንዳለ የሚያውቁት ድሬዳዋ ወታደር የነበሩት የሟች አባቴ ታላቅ ወንድም፣ አያ ደሴ፣ ብቻ ነበሩ። ያኔ፣ ፍሙ ላይ እሸት እየጠበስን፣ የኩራዙ ጢስ ዓይናችንን እየቆጠቆጠን፣ ያ ባቡር በረሃውን ሲያቋርጥ ግመሎቹ እንዴት እንደሚደነብሩ ያወጉን ነበር። እናቴ ተረት ይመስላት ነበር።

አንድ ቀን ቀያሾች መጡና ማሳችን መሃል ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ተከሉ። «ባቡር በዚህ ይመጣል» አሉ። እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው።

«ጤፍም ይፈጫል፣ ጌቶቼ?»

ቀያሾቹ ቀልድ መሰላቸው። «እንዴታ! እናንተንም ይፈጫል!» አለ አንዱ እየሳቀ። እናቴም አብራ ሳቀችና ያቀረቡላት የስምምነት ወረቀት ላይ አውራ ጣቷን አተመች። አያ ደሴ ምስክር ሆነው ፈረሙ።

ማታ፣ «አያ፣ ያ ባቡር እኮ አይፈጭም። ለምን አይነግሯትም?» አልኋቸው።

«ዝም በይ አንቺ! ብነግራት ነገ ሄዳ እምቢ ትላለች። ሳልሞት አንድ ቀን ከደጄ ልሳፈርበት!»

እኔም ለእናቴ ሳልነግራት ቀረሁ።

እንግዲህ ለታሪክ እንዲመች እውነቱን ልመስክር፤ የቀበሌያችን ባቡር እስከ ዛሬ ማንንም አልገጨም፣ አንድም ቀን አልዘገየም፣ ሐዲዱም አልዛገም። እንዲህ ያለ ጨዋ ባቡር ያለው አገር ካለ ይምጣና ይከራከረን። በችካሎቹ መሃል ማረስ ክልክል ስለተባለ ማሳችን እሾህ አበቀለ። እናቴ ከሰው መሬት በእኩል ያገኘችውን በቆሎ እየተሸከመች ቡሬ ተመላለሰች፤ ጀርባዋ እዚያው መንገድ ላይ ጎበጠ። አያ ደሴ ሳይሳፈሩ ሞቱ።

ከተቀበሩ በኋላ እናቴ ችካሉ ስለተተከለለት ባቡር በሬዲዮ ሰማች። ሬዲዮውን ዘጋችው።

«ለካ ይመጣል ያሉን የሰው መጫኛው ኖሯል! አያ ደሴ ሲፈርሙ ያውቁ ነበር?»

«እኔ እንጃ» አልኋት።

«ቢያውቁማ ይነግሩኝ ነበር» አለችና ነፍስ ይማር አለቻቸው።

ያኔ ከእሳቸው ከሰማኋቸው ተረቶች አብዛኞቹን ረስቻለሁ። እኔ ለእናቴ የተናገርኋት ተረት ግን አጭር ናት፤ አልረሳኋትም። እናቴም እስክትሞት አምናኛለች።