ቅቤ የማይወደው ማሽን

የእናቴ ቀኝ ጉልበት መታመም ከጀመረ ዓመታት አልፈውታል። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ሶዶ ከተማ ስገባ ጊዜ ሳላጠፋ ወደ አንድ ፊዚዮቴራፒስት ወሰድኳት። ባለሙያው ጉልበቷን እያጠፉና እየዘረጉ ካዩት በኋላ የእጅ ስልክ የምታክል ማሽን አዋሱን። ከማሽኗ የሚወጡት ሽቦዎች ጫፍ ላይ ተለጣፊዎች አሉ። ጉልበት ላይ ሲለጠፉ ቀላል ኤሌክትሪክ ወደ ነርቭ እየላኩ ሕመሙን ያደበዝዛሉ።

«ጉልበቱን አይጠግንም» አሉኝ። «ሕመሙ ሲቀልላት የእግር እንቅስቃሴዋን እንድትሠራ ነው የሚረዳት። ቆዳዋ ንጹሕና ደረቅ ይሁን።»

ጉኑኖ አጠገብ ወዳለው ቤታችን ስንመለስ ይህን ለእናቴ ደጋግሜ ነገርኳት። እሷ ግን ሐሳቧ ሌላ ነበር። በሰፈራችን ሴቶች እንሰት የሚፍቁት በደቦ ነው። መሬት ተቀምጠው፣ አንድ እግር አንሥተው፣ ከግንዱ የተላጠውን በተረከዛቸው ሳንቃ ላይ ወጥረው በቀርከሃ ይፍቃሉ። እናቴ የምታነሣው ያንኑ የታመመውን እግር ነው። የእኛን ጓሮ ሴቶቹ ፍቀው ጨርሰዋል፤ አሁን ተራው የጎረቤታችን ነው።

«የሰው ጉልበት በልቼ የእኔን ልደብቅ?» አለችኝ። «ከቀረሁ በሚመጣው ዓመት ማን ደጄን ይረግጣል?»

በሳምንቱ መጨረሻ ከሶዶ ስመጣ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ማሽንሽ ሞቷል።»

አልሞተም ነበር። ተለጣፊዎቹ በቅቤ ወዝተው፣ መጣበቅ አቅቷቸው ያብለጨልጫሉ።

«እማ! ደረቅ ይሁን አላልኩሽም?»

«በደረቁ የሚታሽ ጉልበት የት አየሽ? መጀመሪያ ቅቤ ቀባሁ፣ ከዚያ ያንቺን ለጠፍኩ። ምን አጠፋሁ?»

«እንቅስቃሴውንስ ሠራሽ?»

«ሙሉ ቀን ስንቀሳቀስ አይደል እንዴ የምውለው!»

ሶዶ ተመልሼ ፋርማሲዎቹን ሁሉ ዞርኩ፤ ተለጣፊ የሚባል ነገር የለም። እያፈርኩ ባለሙያውን ለመንኳቸው። ከመሳቢያቸው አውጥተው ሰጡኝ፤ «የመጨረሻዎቹ ናቸው፣ ልጄ» ብለው።

የደቦው ቀን ጠዋት የእናቴን ጉልበት በሳሙና አጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ ራሴ ለጠፍኩ። ማሽኑን ሳበራው ደንገጥ አለች።

«ጉንዳን ነው እንዴ የከተትሽብኝ?»

«ያማል?»

ጉልበቷን አጠፍ ዘርጋ አደረገች። «አያምም። ያኛውም ሕመም ትንሽ ራቅ ብሏል።»

ቀስ ብላ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። የጎረቤታችን ጓሮ ስንደርስ ሴቶቹ ሽቦውን አዩ።

«ዘንድሮ በባትሪ ልትፍቂ ነው?» አለች አንዷ።

«ያንቺ ምላስ ያለ ባትሪ ይሠራ የለ!» አለቻት እናቴ፤ ጓሮው በሳቅ ሞላ።

በርጩማ ላይ ተቀምጣ የተፋቀውን እንድትጨምቅ ለመንኳት። እሺ አላለችም። እግሯን አነሣች፣ ፊቷን ትንሽ አጨማደደች፣ ከዚያ ፋቀች። እንደ ድሮዋ አልፈጠነችም፤ ግን ተራዋን አላስነካችም። እኔ አጠገቧ ቆሜ ሽቦው እንዳይነካካ ስጠብቅ ዋልኩ።

ሥራው ሲያልቅ የቤቱ ባለቤት ከቤት ወጥታ እናቴ ፊት ተንበረከከች።

«በዚህ እግርሽ መጣሽልኝ? እኔ እኮ ትቀሪያለሽ ብዬ ነበር። አንቺ ከሌለሽበት የእኔም ደቦ ደቦ አይደለም» አለች። መዳፏ ላይ የቅቤ ድቡልቡል ይዛ ነበር። አፌን ከመክፈቴ በፊት ጉልበቱን፣ ተለጣፊውን፣ ሽቦውን አንድ ላይ አሸችው።

«እትዬ፣ እሱ እኮ...» ስል እናቴ በዓይኗ አፈጠጠችብኝ። ያን ዓይን አውቀዋለሁ፤ ዝም በይ ማለት ነው። እንዲህ ለክብር የተቀባ ቅቤ አይመለስም።

«እጅሽ ይባረክ» አለቻት እናቴ፤ ፊቷ ከጉልበቷ ይበልጥ ወዝቶ።

አንደኛው ተለጣፊ ቀስ እያለ ተንሸራቶ መሬት ወደቀ። ጎንበስ ብዬ አነሣሁትና ሰኞ ባለሙያው ፊት ምን ብዬ እንደምቆም ማሰብ ጀመርኩ።