የስም ዓምድ

ሬጅስትራር ቢሮ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራ ሰው ነው። ባልደረቦቹ «አሟላ» ይሉታል፤ ባዶ ቦታ ያለበት ቅጽ ካየ እንቅልፍ አይወስደውማ። ፊርማ ረስቶ የመጣ ዲን እንኳ ቢሆን «ያሟሉና ይመለሱ» ብሎ ይሸኘዋል።

ወጣት ሳለ ዕፅዋት ማጥናት ሲመኝ ሒሳብ አያያዝ መደቡት። የሌላውን ክፍል ደጃፍ ሳይረግጥ ተመረቀ። ይህ ነገር ሲቆጠቁጠው ኖሮ፣ ጡረታ ሲቃረብ አለቆቹን ለምኖ አንድ ድረ ገጽ ሠራ። የሕግ ተማሪው የሥነ ሕንፃን፣ የነርስነት ተማሪዋ የፍልስፍናን ትምህርት በመታወቂያ ቁጥራቸው ገብተው ያያሉ፤ ደስ ካላቸው ክፍል ሄደው ያዳምጣሉ። ፈተና የለ፣ ውጤት የለ። እውነቱን ለመናገር፣ ሰውየው በዕድሜው ከሠራው ሁሉ የሚኮራበት ይህ ብቻ ነበር።

ከሁሉ የተጠቀመችበት የእህቱ ልጅ ናት። ኬሚስትሪ ተማሪ ናት፤ ከክፍሏ አንደኛ። ስትመረቅ እዚያው ረዳት መምህር ሆና መቅረት ነው ሕልሟ፤ እንደምትቀርም ሁሉም ያውቃል።

ታዲያ አንድ ቀን ከበላይ ደብዳቤ መጣ፤ ከየትምህርት ክፍሉ ስንት ተማሪ ሌላ ትምህርት እንደጎበኘ ይገለጽ የሚል። ስንት ነው ያሉት፣ ማን አላሉም። እሱ ግን በተያያዘው ቅጽ ላይ ከቁጥሩ ጎን ባዶ ዓምድ አየ፤ እጁ መች አርፎ ይቀመጣል። የተማሪዎቹን ስም፣ መታወቂያ ቁጥር፣ የትኛውን ክፍል ስንት ጊዜ እንደጎበኙ ሞልቶ ላከ።

በሳምንቱ ልጅቷ ዓይኗ ቀልቶ ቢሮው መጣች።

«ጋሼ፣ ለረዳት መምህርነቱ ሌላ ሰው መረጡ» አለችው። «የክፍላችን ኃላፊ ከበላይ የደረሰውን የስም ዝርዝር አሳይቶ ‹አርባ አንድ ጊዜ ታሪክ ክፍል የገባ ሰው ልቡ እኛ ጋ የለም› አለኝ። እኔ እኮ የገባሁት የድሮ መጻሕፍት ቀለም ከምን እንደሚቀመም ላጠና ነው። ስለ ኬሚስትሪ ብዬ።»

ሰውየው ክው አለ።

«ስማችንን ማን እንደሰጣቸው ሊያጣሩልኝ ይችላሉ?»

መዋሸት ይችል ነበር። አልሆነለትም። «እኔ ነኝ» አላት።

ከዚያ ወዲያ ኃላፊውን ደጅ ጠና፣ ደብዳቤ ጻፈ፣ ከድረ ገጹ መዝገብም የስም ዓምዱን አጠፋ። ምን ያደርጋል፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስ። ወሬው ግቢውን አዳርሶ ስለነበር ተማሪዎቹም ገጹን ሸሹት።

ከምረቃው በኋላ ልጅቷ ማስረጃዋን ልትወስድ መጣች። እንደ ወትሮው በውስጥ በር አልገባችም፤ ከሰው ጋር ተሰልፋ መስኮቱ ጋ ደረሰች። ቀና ብሎ አያት።

«ጤና ይስጥልኝ» አለችና ሳይጠይቃት የመታወቂያ ቁጥሯን ነገረችው። አጎቷ መሆኑን ከኋላዋ ከተሰለፉት ማንም አላወቀም።