እንጨት ወይስ ብረት

ያገለገልኩባት የጦር መርከብ ከእንጨት የተሠራች ነበረች። ይህን ሳወራ፣ እዚህ ስደት ላይ ኦቤትስ በምትባል ከተማ መጋዘን ውስጥ አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ይስቁብኛል። ይሳቁ! ሥራዋ ፈንጂ ጠረጋ ነበር። ባሕር ውስጥ የሚጠመደው ፈንጂ ብረት ሲጠጋው ይነቃል፤ የብረት መርከብ ልኮ ማስጠረግ ጭድ ይዞ እሳት ለማጥፋት እንደ መሄድ ነው። የእኛዋ ግን በእንጨት ገላዋ ምንም ሳትነካ ታልፍና፣ ከኋላዋ የምትጎትተው ረጅም የኤሌክትሪክ ገመድ እንደ ማግኔት ሆኖ ፈንጂውን በሩቁ ያፈነዳዋል። በጦርነቱ ጊዜ እሷ መንገዱን ሳትጠርግ ምፅዋ የሚገባ የእህል መርከብ አልነበረም።

አለቃችን ብረት ጠላቱ ነበር። ከመነሳታችን በፊት መሳፈሪያው ላይ ቆሞ አንድ በአንድ "ብረት?" ይለናል፤ እኛም "የለም!" ብለን እንጮሃለን። የቀበቶ ዘለበት፣ ቁልፍ፣ እናቶቻችን ያሰሩልን የብር መስቀል ሳይቀር የብስ ላይ ይቀራል። ብርን ማግኔት እንደማይስበው ብንነግረውም፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ አልሰማንም። ሱሪያችንን በሲባጎ ታጥቀን ነው አገር የጠበቅነው።

በቅርቡ ግራ እጄ ይደነዝዘኝ፣ ራሴንም ያመኝ ጀመር። ሐኪሙ አንጎሌ ውስጥ እጢ እንዳይኖር ሰግቶ ኤምአርአይ የሚባል የራስ ምርመራ አዘዘልኝ። ልጄ "እጢ" የሚለውን ስትተረጉምልኝ ድምፅዋ ተቀየረ። እኔም ፈራሁ፤ በጣም ፈራሁ፤ ግን አልነገርኳትም።

በቀጠሮው ቀን የምርመራ ክፍሉ ሠራተኛ ሰውነቴ ውስጥ ብረት ይኖር እንደሆነ ጠየቀችኝ። ልጄ እስክትተረጉም መች ጠበቅኩ! "ኖ!" ብዬ ጮህኩ፤ ኮሪደሩ ላይ የነበሩት ሁሉ ዞሩ። ሰዓቴን፣ ቀበቶዬን፣ ቀለበቴን ማንም ሳያዘኝ አውልቄ ልጄን አሸከምኳት። ሠራተኛዋ አመሰገነችኝ፤ ደረቴን ነፋሁ።

በሩ ጋ ስንደርስ ግን፣ ውስጥ ያለው ማሽን ኃይለኛ ማግኔት መሆኑን ነገረችኝ። እግሬ ቆመ። እጄ ሳላዘው ወደ ግራ ቅንድቤ ሄደ።

ያኔ ባሕር ላይ ሳለን አንድ ጊዜ ፈንጂው ከሚገባው በላይ ቀርቦን ፈነዳ። የመርከቧ የኋላ ሳንቃ ተሰነጣጠቀ፣ የሆነ ነገርም ቅንድቤን መታኝ። የመርከቧ ሐኪም ደሙን አቁሞ ጠቀለለልኝ፤ ቁስሉ ሲድን ምስር የምታክል እብጠት ቀረች። የመታኝ የሳንቃው ስንጣሪ ይሁን የፈንጂው ብረት ማንም አልጠየቀም። አሁን ብረት ከሆነ፣ ማግኔቱ ስቦ ዓይኔን ሊያጠፋው ነው።

"ቆይ" አልኳት ልጄን። "ንገሪያት፤ እዚህ ጋ የሆነ ነገር አለ።"

"ዋት? አባዬ፣ ኖ አልክ እኮ!"

"አልኩ። ልማድ ሆኖብኝ ነው።"

"ልማድ? አባዬ፣ ዓይንህን ልታጣ ትችል ነበር! ኦ ማይ ጋድ!"

ኤክስሬይ ተነሳሁ። ብረት ከሆነ ኤምአርአዩ ቀረ፤ እጢውም ካለ ሳይታይ ይቀመጣል። ውጤቱን ስንጠብቅ ልጄ እንድትረጋጋ ስለ መርከቧ አወራኋት። በጦርነቱ ተሸንፈን ወደቦቹን ስንለቅ በእሷ ቀይ ባሕርን ተሻግረን የመን ገባን፤ እኛ ስደተኛ ሆነን ስንበታተን እሷ እዚያው ታስራ በሰበሰች። ልጄ አገራችን ባሕር ኃይል እንደነበራት እንኳ አታውቅም ነበር።

ሠራተኛዋ ፈገግ ብላ ተመለሰች። ብረት የለም! ማሽኑ ውስጥ ስገባ ጩኸቱ ልክ እንደ ሞተር ክፍላችን ነበር፤ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ሐኪሙ የደወለው ክሊቭላንድ አቬኑ መንገድ ዳር መኪና አቁመን ሳለን ነው። ልጄ ድምፁን ስፒከር ላይ አድርጋ እየሰማች ትነግረኛለች። እጢ የለም። እጄን ያደነዘዘው፣ ራሴንም ያሳመመኝ፣ መጋዘኑ ውስጥ የዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት ስነዳ ወደኋላ እየዞርኩ ያስጨነቅኩት የአንገት ነርቭ ነው። ተመስገን አልኩ፤ ደግሜም አልኩ።

"ቅንድብህ ሥር ደግሞ ትንሽ ስንጣሪ ታይቷል" አለች ልጄ። "እንጨት ሳይሆን አይቀርም ይላል። ምንም አይጎዳህም፣ ከፈለግክ ግን ሪሙቭ ያደርጉልሃል።"

"አይነካም!" አልኩ። "ሌላው ሁሉ የመን በስብሶ ቀርቷል።"

ልጄ ስልኩን ዘጋች። እጇን ዘርግታ ጣቷን ቀስ ብላ ቅንድቤ ላይ አሳረፈች።

"ሶ፣ መርከቧ ይቺ ናት?" አለችኝ።

"እሷው ናት" አልኳት።